የአንድ ማሾ ዕድሜ

ወንድሞቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ እናንተም ሼሆች፣ እናንተም ቄሶች፣ እናንተም በእድሩ ድንኳን ሥር አብረን የሸበትን ጎረቤቶቼ፤ ዛሬ የምናገረው ጆሮ የሚያስደስት ነገር አይደለም። እኛ ሽማግሌዎች ስንሰበሰብ ለእርቅ ነው፣ ለካሣ ነው፣ ለለቅሶ ነው። ሁሉም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ስለ እኛ የተነገረ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ አፍሬአለሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጅቡ ከበር ሳይደርስ መናገር ፈልጌ ነው ቡናችሁን አቋርጣችሁ እንድትሰሙኝ የለመንኋችሁ።

ነገሬ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ስለሚጨርሱት ልጆቻችን ነው። ስለ መላው ሕይወታቸው አይደለም፤ ያን ፈጣሪ ያውቃል። ከፈተናው ማግስት እስከ ውጤቱ፣ ከውጤቱም እስከ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ድረስ ስላለችው አንዲት ክረምት ነው።

ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ከ2014ቱ ፈተና ወዲህ፣ ልጆቹ ሲመለሱ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አያቸዋለሁ። ብርድ ልብስና አንሶላቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ላይ ከመኪና ሲወጡ ወበቁ ፊታቸውን ይመታቸዋል። እናት ትስማለች፤ አባት ማዳበሪያውን ይቀበላል። «ተገላገልህ፤ በል አሁን ዕረፍ» ይባላል። ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ማናችንም አንቆጥረውም። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

የ2017ቱን ፈተና እንውሰድ። ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ተሰጠ። ውጤቱ የወጣው አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ በመስከረም ነው። በመካከሉ ከስልሳ እስከ ሰባ ቀን አለ። ጥሪው እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሳምንታት ይጨመሩበታል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ነው፤ ከቀወት እስከ ኤፍራታና ግድም ማሳ ለማሳ ዞሬአለሁ። ስለዚህ ሰባ ቀን ሲባል ወደ ልቤ የሚመጣው ማሾ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲርስ ይዘራል፤ በሳምንቱ ብቅ ይላል፤ ነሐሴን ታርሞ ያብባል፤ መስከረም ላይ የፍሬው ሽፋን ሲጠቁር ይለቀማል። ማሽላው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠበቅለት ማሾ ገበያ ደርሶ ዕዳ ከፍሏል። በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ የገባው ይህ የቆላችን ሰብል ዛሬ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ነገሩ ሁሉ ግን በዚያች ሰባ ቀን ውስጥ ያለቀ ነው። በሐምሌ ያልዘራ ሰው በመስከረም «መሬቴ ለም ነበር» ብሎ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም። በጊዜው ያልለቀመም እንደዚያው ነው፤ ደርቆ ይፈነዳና መሬት ይበላዋል።

የልጆቻችን ክረምትም የአንድ ማሾ ዕድሜ ነው። ባዶ ማሳ ባዶ ሆኖ እንደማይከርም ደግሞ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አንተ ያልዘራህበትን አረም ይዘራበታል። በልጆቻችን ክረምት ላይ ማን እየዘራ እንደሆነ ልንገራችሁ ነው የመጣሁት።

በመጀመሪያ ግን የምንሸሸውን ቁጥር እንስማ። በ2014ቱ ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ከመቶ ሦስት ማለት ነው። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች ያለፉት 27,267 ናቸው። በ2016 ከ684,205 ውስጥ 36,409፣ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ውስጥ 48,929 አለፉ። የመጨረሻው ከመቶ ስምንት ደርሷልና መሻሻል ነው፤ ተመስገን። ነገር ግን አራቱን ዓመት ደምሩት። ከ3 ሚሊዮን በላይ ተፈታኝ ተቀምጦ ያለፈው 143 ሺህ አይሞላም። በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ትምህርት ዕድል ያገኘ አለ፤ እሱም ቢጨመር በየቤታችን ካለው ልጅ አብዛኛው መስከረም ላይ የሚሰማው «አልሞላልህም» የሚለውን ቃል ነው።

ይህን እያወቅን ዝግጅታችን ሁሉ ለሚያልፈው ልጅ ነው። ሻንጣውን እናስባለን፣ የሽኝቱን ዳቦ እናስባለን። «ባይሞላስ ምን እናደርጋለን?» ብሎ ሐምሌ ላይ ከልጁ ጋር የሚነጋገር አባት አላየሁም። መናገሩ ሟርት ይመስለናል። ወንድሞቼ፣ ደመና አይቶ ጎተራ መክደን ሟርት አይደለም።

የእኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል አይተዋል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ድረስ ሲመጣ ከእኛ ጋር ተሰደዋል። ከነሐሴ 2015 ወዲህም ክልላችን ሰላም አጥቶ ትምህርት ሲቋረጥባቸው፣ ሲጀመር፣ ደግሞ ሲቋረጥባቸው ነው ያደጉት። ልጁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት በእነዚህ ዓመታት ስንት ወር መምህር ፊት እንደተቀመጠ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ዘሪዎቹ ልመለስ። የመጀመሪያው ደላላው ነው። ደላላ ሲባል ከሩቅ የመጣ ክፉ ሰው ይመስለናል። አይደለም። ለቅሶ ላይ አብሮን የሚቀመጥ፣ ለሠርግ የምንጠራው፣ ልጁን በስሙና በአባቱ ስም የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውን የሚጀምረውም ውጤት ሲወጣ አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ነው፤ ልጁ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ብቻውን መቀመጥ ሲያበዛ። «ገንዘብ አልጠይቅህም፤ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይለዋል። ጅዳ ገብቶ ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት ስለሠራው ልጅ ያወራለታል። ሞቶ ስለቀረው አያወራለትም። በመጨረሻም «ለቤት እንዳትናገር፤ ደርሰህ ትደውልላቸዋለህ» ይለዋል።

ከዚያ መንገዱ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር ነው። ያ «ስትደርስ ትከፍላለህ» የተባለው ገንዘብ የመን ላይ በግርፋት ይጠየቃል። ልጁን እየገረፉ ጩኸቱን በስልክ ለእናቱ ያሰሟታል። ያን ድምፅ የሰማች እናት ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ እዚህ ሮቢት ውስጥ እንዲህ ያሉ እናቶችን ታውቃላችሁ።

ክረምት ደግሞ ለዚያ መንገድ ክፉ ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ዝናብ በሚጥልበት ወራት የኤደን ባሕረ ሰላጤ በነፋስ ይናወጣል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ዳርቻ አንድ ጀልባ ተገለበጠ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ፤ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ሳምንት እኛ እዚህ ማሾ ስናርም ነበር። ባሕሩን ያለፈም ገና አልተረፈም። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ድንበሩን አልፎ የገባውም ቢሆን መመለሻው አይታወቅም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተባርሮ አገሩ ገብቷል፤ ስንቱ በባዶ እጁ እንደተመለሰ ቦሌ የተቀበልን እናውቃለን።

ይህን የምነግራችሁ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ሦስተኛው ልጄ በ2009 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ተፈትኖ ሰኔ ላይ ቤት ገባ። በትምህርቱ ከፊትም ከኋላም አልነበረም። እጁ ግን የተበላሸ ነገር ይፈታ ነበር፤ ራዲዮ፣ ሰዓት፣ የሽንኩርት መስኖ የምናጠጣበትን የውኃ ፓምፕ። በሰፈራችን ፓምፕ የሚጠግነውን ወንድማችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጧል። ቤቴ ድረስ መጥቶ «ክረምቱን እኔ ጋ ይዋል፤ እጁ ጥሩ ነው» አለኝ። እኔስ ምን መለስሁለት? «አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁት ለዚህ ነው? ልጄ የተቃጠለ ዘይት አይነካም» አልሁት። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ያን ዓመት ውጤቱ በክረምቱ መካከል መጣ፤ አልሞላለትም። ያን ማታ አልተቆጣሁትም። ብዙ ዓመት ይህን እንደ በጎነት ቆጥሬው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አልቆጥረውም። ምንም አላልሁትም ማለት ነው። ራት ቀረበ፤ ተበላ፤ ገበታው ተነሣ። እናቱን ብቻ «የጎረቤታችን ልጅ ስንት አመጣ?» ብዬ ጠየቅኋት። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት አሁንም ዐይኔ ላይ አለ። ቡሔ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ስንነሣ አልጋው ባዶ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሁለቱን በሬዎቼን ሸጥሁ፤ የዓመቱ የሽንኩርት ገንዘብም አብሮ ሄደ። ልጄ በዓመት ከመንፈቁ ከተመላሾች ጋር ቦሌ ደረሰ። በሕይወት ተመልሶልኛልና ተመስገን። ከእናንተ መካከል ያልተመለሰላችሁ አላችሁ፤ በእናንተ ፊት ይህን ስናገር አንገቴን ደፍቼ ነው። የእኔው ግን አንድ ጆሮው አይሰማም። ሌሊት ሌሊት በእንቅልፉ ይጮኻል።

ለዚህ ነው ጥፋቱን ሁሉ በደላላው ላይ ጭኜ መተኛት ያቃተኝ። በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው፤ ይያዝ፣ ይፈረድበት። ነገር ግን ያ ሰው እኔ ያላደረግሁትን አንድ ነገር ለልጄ አድርጎለታል። «ምን ታስባለህ?» ብሎ ጠይቆታል። እኔ በዚያች ሰባ ቀን አንዴም አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛው ዘሪ ጫትና ቁማር ነው። ጫት በእኛ አካባቢ የገበያ ሰብል ነው፤ ስንት ቤተሰብ እንደሚተዳደርበት አውቃለሁ። ድሮ ግን ትልልቅ ሰዎች ዱዓ ላይ ተቀምጠው የሚቅሙት ነበር። ዛሬ ከምሳ በኋላ ፊቱ ላይ ጢም ያላበቀለ ልጅ በርጫ ላይ ታገኛላችሁ። ልጁ መጀመሪያ የሄደው ሱስ ፍለጋ አይደለም፤ ሰው ፍለጋ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚያወራው ሰው ያገኘው እዚያ ነውና። በምርቃናው የተሠራው ፎቅ ማታ ሲበርድ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ በስልኩ ቤቲንግ ያሲዛል። የሚያሲዘው ገንዘብ ከእናቱ መቀነት የተፈታ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ጓደኛ አለው፣ ልማድ አለው፣ ዕዳ አለው። ይህን ሁሉ ያበቀለው በእኛው ባዶ ማሳ ላይ ነው።

ሰላም በራቀበት ዘመን ደግሞ ሥራ ያጣ ወጣት ለሁሉም ወገን ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የምለው ገብቷችኋል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻው ልናገር፤ ጥፋታችን በእነሱ ላይ መልኩ ሌላ ነውና። ወንዱ ክረምቱን ድንጋይ ላይ ሲጨርሰው እሷ ምድጃ ሥር ትጨርሰዋለች። «ከትምህርት ዐርፋለች» ብለን ውኃውን፣ እንጀራውን፣ ሕፃናቱን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ እናደርጋለን። ስለዚህ ጠፍታ አታሳስበንም፤ ቤት ውስጥ ናትና ደኅና ትመስለናለች። ውጤት ካልሞላላት ሁለት በር ብቻ ነው የምናሳያት፤ ወይ ባል፣ ወይ ዐረብ አገር። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፤ ዕድሜዋን ጨምሮ የሚያስጽፍ ሰው እንደማይጠፋም እናውቃለን። ልጅቷን የምንሰጠው እኛ ነን። ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ «ልጅቷን ስጡን» የሚለውም ከእኛው መካከል ነው። ዘንድሮ ውጤት ጠባቂ ልጅ ጠይቁልኝ ብሎ የሚልካችሁ ቢመጣ፣ እምቢ በሉ። ሽምግልና እምቢ ማለትንም ይጨምራል።

ያለፈውን ልጅ ደግሞ እንደ እንግዳ እናስቀምጠዋለን። «ዩኒቨርሲቲ ገቢ ነው» ብለን ውኃ እንኳ አናስቀዳውም። እሱንም በድለነዋል። በዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ወር የሚከብደው ሒሳቡ ብቻ አይደለም። በእጅ ያለችን ገንዘብ እስከ ወር መጨረሻ ማድረስ፣ ልብስ ማጠብ፣ ጓደኛ ሲጎትት አልሄድም ማለት፣ ታሞ ብቻውን ክሊኒክ መግባት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር በቆላችን ወባ የሚበረታበት ወቅት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጁ በደሙ ይዞት ደጋ ይወጣል፤ እዚያ ትኩሳት ሲጀምረው ብርድ መታኝ ብሎ ይተኛል። «ከወባ አገር ነው የመጣሁት፤ ደሜን መርምሩልኝ» ብሎ መናገር እንዲያውቅ ሳታደርጉ አትላኩት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሻንጣው ትበልጣለች።

አንዳንዶቻችሁ «በእኛ ጊዜስ ማን ያስብልን ነበር? እንዲሁ አላደግንም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንዲሁ አላደግንም። እኔ ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ በተፈተንሁበት በ1973 ዓ.ም. ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመደብሁ። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ታላላቆቻችን ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ከመምህራኑ ጋር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሆነው ገጠር ገብተዋል። ያን ዘመን ላሞግስ አልተነሣሁም። ሁሉም በትእዛዝ ነበር፤ ስንቱ ወጣት በዚያ ዘመን ወጥቶ እንደቀረ የእናንተ ቤት የእኔም ቤት ያውቃል።

ነገር ግን ያቺ ክረምት አንድ ነገር ሰጥታኛለች። ማታ ፋኖስ አብርቼ፣ የአባቴ ዕድሜ ያለውን ገበሬ እጁን ይዤ ስሙን አጻፍሁት። ሞፈር የለመደ ጣቱ ጠመኔውን ሰበረው። ሌላ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሳምንት ያለ እኔ እጅ ስሙን ጽፎ ጨረሰ፤ ተነሥቶም ራሴ ላይ እጁን ጭኖ መረቀኝ። የማትሪክ ውጤቴ ሲመጣ ያሰብሁትን ያህል አልነበረም። አዘንሁ፤ ግን ዓለም አልጨለመብኝም። ወረቀቱ ምንም ቢል ለአንድ ሰው እንደምጠቅም አስቀድሜ አውቄ ነበርና።

ነገሬ ሁሉ ተጠቅልሎ ይኸው ነው። ልጁ ውጤቱን ከመስማቱ በፊት ለሰው የሚጠቅም መሆኑን በገዛ እጁ ማወቅ አለበት። ይህን ያወቀ ልጅ ቢሞላለትም አይታበይም፤ ባይሞላለትም ለደላላ አይሸጥም። ይህን ለማሳወቅ ያለን ጊዜ የአንድ ማሾ ዕድሜ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የማውቀውን ልናገር።

መጀመሪያ ልጁን አሳርፉት። ዐሥር ቀን፣ ዐሥራ አምስት ቀን ይተኛ፤ ዘመድ ይጠይቅ፤ አያቱ ዘንድ ይሂድ። ለፍቷል። ከዚያ በኋላ ግን አባትና ልጅ ለብቻቸው ይቀመጡ። እናቲቱን መልእክተኛ አታድርጓት፤ የአባት ነገር በእናት አፍ ሲደርስ ይለወጣል። «ምን ታስባለህ? ምን ትወዳለህ? ባይሞላልህ ምን እናድርግ?» በሉት። መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል። ግድ የለም፤ መጠየቁን ይሰማል። ደግሞም በግልጽ ንገሩት፤ «ቢሞላም ባይሞላም ልጄ ነህ፤ ይህ ቤት ቤትህ ነው» በሉት። ይህ የታወቀ ነው አትበሉ። የታወቀ ቢሆን ኖሮ በሌሊት ባልወጡ።

ቀጥሎ ምላስን መጠበቅ ነው። «ወደቀ» እንላለን። በቋንቋችን የሚወድቅ ዛፍ ነው፣ ቤት ነው፣ ጦር ሜዳ የቀረ ሰው ነው። ገና ጺሙ ያልበቀለን ልጅ በአንድ ወረቀት ምክንያት ወደቀ ስንለው ምን እያልነው እንደሆነ እናስብ። «ዘንድሮ አልሞላለትም» ይባል። የእገሌን ልጅ ውጤትም በልጃችን ፊት አንጠይቅ። እኔ የጠየቅሁት አንዴ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው እጅን ማሠራት ነው። ሮቢት የመኪና መተላለፊያ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ መስኖ ነው። ጋራዥ አለ፣ ፓምፕና ጄኔሬተር ጥገና አለ፣ ብየዳ አለ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አለ፣ ስልክ ጥገና አለ፣ ስፌት አለ። ሁለት ወር አብሮ የዋለ ልጅ ባለሙያ አይሆንም፤ ሙያውን ይወደው እንደሆነ ግን ያውቃል። መስከረም ላይ ቴክኒክና ሙያ መግባት ካለበት ዐይኑን ከፍቶ የሚገባው ያኔ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄዱት እንደ ተሸናፊ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ አንገታቸውን ያስደፋናቸው እኛ ነን።

ገበሬ የሆናችሁ ደግሞ ከማሳችሁ ላይ አንድ ቁራጭ ለልጁ ስጡት፤ ለሴቷም ስጧት። ማሾ ይዝሩበት። ዘሩን፣ አረሙን፣ ለቀማውን፣ የለቃሚውን ሒሳብ ጭምር ራሳቸው ይያዙት፤ ደብተር ይክፈቱ፤ ሚዛን ላይ ራሳቸው ይቁሙ፤ ከነጋዴው ጋር ራሳቸው ይከራከሩ። ገንዘቡም የራሳቸው ይሁን። ዩኒቨርሲቲ ከተጠሩ መንገዳቸውን ይችላሉ፤ ካልተጠሩ መነሻ ይዘዋል። በራሱ ላብ ያገኘውን ብር የቆጠረ ልጅ ስለ ሳዑዲ ሪያል ሲነገረው ማመዛዘን ያውቃል።

ስልኩንም አትራገሙት። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» በተባለው መርሐ ግብር የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀትም አለው። ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ሊከታተለው ይችላል። ቤቲንግ የሚጫወትበት ስልክና የሚማርበት ስልክ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማታ «ዛሬ ምን ተማርህ?» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ ያስተምሩ። በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ስንት ልጅ ክፍል ዘሏል፣ ስንት የአራተኛ ክፍል ልጅ ማንበብ አይችልም። አሥራ ሁለተኛ የጨረሱት ልጆቻችን ናቸው ያሉን መምህራን። የእድራችን አዳራሽ በሳምንት ስድስት ቀን ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉን እንስጣቸው፤ ወንበሩን እናውጣላቸው፤ ጠመኔውን ከእድሩ ገንዘብ እንግዛ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሕፃናቱን ያስተምሩ። ለእኔ አንድ ገበሬ ያደረገልኝን ለእነሱ አንድ ሕፃን ያደርግላቸዋል።

ለዚህም ሁሉ እድሩ ዛሬውኑ ሦስት ሰው ይምረጥ፤ አንዷ ሴት ትሁን። በየቤቱ ያለውን የዘንድሮ ተፈታኝ በስም ይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱ ከአባቱ ሌላ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለት። ልጅ ለአባቱ የማይናገረውን ለጋሼ ይናገራል። ባለ ጋራዡ አንድ ይውሰድ፣ ባለ ሱቁ አንድ ይውሰድ፣ ልብስ ሰፊዋ አንዲት ትውሰድ። ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን የምንተክል ሰዎች ነን። ለሞተ የምንፈጥነውን ያህል ላልሞተው እንፍጠን። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ቅጠሉ በእጃቸው ሳለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው መስከረም ከልጄ ጋር ማሾ እንለቅም ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብዙ ዓመት በአፌ ላይ ያደረውን ጥያቄ ያን ቀን አወጣሁት። በደኅናው ጆሮው በኩል ጠጋ ብዬ «ያን ክረምት ምን ነበር የምትፈልገው?» አልሁት። ለቀማውን አላቆመም። አንድ መስመር ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ፓምፕ ቤቱን ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ከቤቴ በር እስከ ፓምፕ ቤቱ ርምጃዬን እየቆጠርሁ ሄድሁ። ሁለት መቶ አይሞላም። ሁለት መቶ ርምጃ ከልክዬው ነው ልጄ በረሃና ባሕር የተሻገረው።

ሐምሌ ሊገባ ነው፣ ወንድሞቼ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋቸው።